አባባ፣ ድንጋዩ እውነት ነበር

ለገጣፎ፣ ኅዳር 8 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«እዚሁ አዲስ አበባ ዳር ተቀምጣ ደብዳቤ ትጽፍልኛለች» ብለው እንደሚስቁ አውቃለሁ። ይሳቁ። ባለፈው እሑድ አቃቂ ስመጣ የሆነውን ግን አይተዋል። «ታዲያ ሞሮኮ ሄደሽ ምን አየሽ?» አሉኝ። እኔ ስጮህ፣ ልጆቹ ሲጮሁ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ እርስዎ በደህናው ጆሮዎ በኩል ሲያዘነብሉ፣ በመጨረሻ የሰሙት «ግመል» የምትለዋን ብቻ ነው። ከዚያ ቡና ፈላ። ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ሄደ። ማታ ሦስት ታክሲ ቀይሬ ቤቴ ስገባ ከፋኝ። ዓይንዎ እንደሆነ መነጽር ካደረጉ ጋዜጣ ይለቅማል። ስለዚህ ልጽፍልዎት ተቀመጥኩ። መብራትም ስለሌለ ሌላ ሥራ አይሠራም።

ካዛብላንካን ልዝለላት። አራት ቀን ሙሉ የቆዳ ኤግዚቢሽን ላይ ቆሜ ቦርሳ ሳሳይ ነው ያለፈው። ሞሮኮን ማየት የጀመርኩት ሥራው አልቆ፣ ባቡር ይዤ ፌስ ስገባ ነው። ፌዝ አይደለም አባባ፣ ፌስ። ከተማዋ ከ1,200 ዓመት በላይ ሆኗታል።

አሮጌው ከተማ በግንብ የታጠረ ነው። ሐረር ጀጎልን ያስቡ፤ እሱን ብዙ እጥፍ ያድርጉት። መኪና የሚባል አይገባም። አንዳንዱ መንገድ ሁለት ሰው ሲተላለፍበት አንዱ በጎኑ መሆን አለበት። ጭነቱ ሁሉ በአህያና በበቅሎ ነው። ከኋላ «ባላክ! ባላክ!» የሚል ድምፅ ከሰሙ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ «ዞር በሉ» ማለታቸው ነው። የጋዝ ሲሊንደር፣ የለስላሳ ሳጥን፣ ገና ያልደረቀ ቆዳ፣ ሁሉም በበቅሎ ያልፋል። ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው እየነዱ ያሳደጉኝ ሰውዬ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጠፋሁ፤ አልደብቅዎትም። አንድ ጎረምሳ «በዚህ በኩል መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ እየመራ አዟዟረኝና መጨረሻ ላይ ገንዘብ ጠየቀኝ። መንገዱ አልተዘጋም ነበር። መርካቶ ያደግኩ ያህል የምኩራራ ሴት፣ እንደ ገጠሬ ተበላሁ። ለወንድሜ እንዳይነግሩብኝ።

እዚያው መሀል ቀረዊይን የሚባል መስጊድ አለ። እ.ኤ.አ. በ859 ፋጢማ አል ፊህሪ የምትባል ሴት አሠራችው ይላሉ። ትምህርቱ ዛሬም አልተቋረጠም። ሙስሊም ያልሆነ ስለማይገባ በበሩ አሾልቄ ግቢውን አየሁና አለፍኩ። ሴትዮዋ ያሠራችው ከአባቷ በወረሰችው ገንዘብ ነው አሉኝ። እኔ ከእርስዎ የምወርሰው ክሪክና የጎማ ቁልፍ መሆኑ ትዝ አለኝ። ምን ይሠራበት ይሆን?

የቆዳ ማልፊያው ግን የእኔ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሹዋራ ይባላል። ከላይ ከሱቆቹ ሰገነት ሆነው ቁልቁል ሲያዩት የማር ሰፈፍ ይመስላል፤ ክብ ክብ ጉድጓድ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ቀይ። ሰዎቹ እስከ ጭናቸው ገብተው በእግራቸው ይረግጡታል። ነጩ ውስጥ ኖራና የርግብ ኩስ ነው ያለው። ኩሱ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። ሽታውን አይጠይቁኝ። ለጎብኚ ሁሉ አፍንጫው ሥር የሚይዘው የናና ቅጠል ይሰጡታል። እኔ «አልፈልግም፣ ሥራዬ ነው» ብዬ መለስኩና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሼ ለመንኩ። ሞጆ ያሉት ፋብሪካዎች በሚሽከረከር በርሜልና በክሮም ነው የሚሠሩት፤ እሱም ይሸታል፣ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ቦርሳዬን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። «በግ ነው፣ ከፍ ካለ አገር» አሉ በአስተርጓሚ። የደጋ በግ መሆኑን በጣታቸው አወቁ! ከኤግዚቢሽኑ ሁሉ የበለጠ ያኮራኝ ይኼ ነው።

ምግቡን ቢያዩ ይወዱታል። ታጂን የሚሉት የሸክላ ድስት ነው፤ ክዳኑ ሾጣጣ ነው። ድስቱ መሀል ይቀመጥና ሁሉም በቀኝ እጁ በዳቦ እየጠቀለለ ከፊቱ ይበላል። ሹካ ሲያቀርቡልኝ ገፋ አደረግኩት። አስተናጋጇ እንዴት እንደሳቀች። ሻያቸው በናና ነው፤ ከራስ በላይ አንስተው ይቀዱታል፤ ስኳሩ ግን ጥርስ ይነቅላል። ለእርስዎ ስኳር የተከለከለ ነውና በእርስዎም ፋንታ ጠጥቻለሁ።

አሁን ወደ በረሃው። አባባ፣ አራተኛ ክፍል ሆኜ የሥዕል የቤት ሥራ የተሰጠኝን ያስታውሳሉ? «በረሃ ሣሉ» ተባልን። እኔ ክብ ክብ የአሸዋ ኮረብታ፣ አንድ ግመል፣ ትልቅ ፀሐይ ሣልኩ። እርስዎ ከአሰብ ገና መግባትዎ ነበር። ልብስዎ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። እርሳሱን ተቀብለው በአሸዋዬ ላይ ጥቁር ድንጋይ ሞሉበት። «በረሃ ድንጋይ ነው፤ አሸዋው የፊልም ነው» አሉኝ። መምህሬ ከአሥር አምስት ሰጠችኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩዎት።

ከፌስ ወደ መርዙጋ አውቶቡሱ ሌሊቱን ሙሉ ሄደ። ሲነጋ በመስኮት አየሁ። ድንጋይ። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ጠጠር የተበተነበት መሬት፣ ዓይን እስኪደክም። አንድ ዛፍ፣ ከዚያ ምንም። ሾፌሩን ጠየቅኩት፤ ሰሃራ አብዛኛው እንዲህ ነው፣ አሸዋው ጥቂቱ ነው አለኝ። እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ዘግይቼ አምስቷ ነጥብ ቆጨችኝ። አሸዋው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ኤርግ ሸቢ ይሉታል። ከዚያ ድንጋይ ሜዳ ላይ ድንገት ብድግ ይላል፤ ቀለሙ እንደ በርበሬ ሽሮ፤ ከፍ ያለው ወደ 150 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ አሸዋም አለ አባባ። ግን እርስዎ ይበልጡኛል።

እዚያ አቅራቢያ ሪሳኒ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። ገበያው ዳር የአህያ ማቆሚያ አላቸው፤ እንደ መኪና ማቆሚያ፤ መቶ አህያ ተደርድሮ ባለቤቱን ይጠብቃል። ከተማዋ አጠገብ ሲጂልማሳ የሚባል ፍርስራሽ አለ። ድሮ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ከበረሃው ማዶ ወርቅ ይመጣል፤ ከወዲህ የሚሄደው ጨርቅና ዕቃ ነው። ጨዉን ደግሞ መንገድ ላይ፣ በረሃው መሀል ከነበረው ማዕድን እንደ ሳንቃ እየጠረቡ በግመል ይጭኑት ነበር። አስጎብኚው ይህን ሲያስረዳ ሌሎቹ ተገረሙ። እኔ አያታችን አሞሌ በዘነዘና ስትሰብር ነው የታየኝ። የአፋር ግመልም ያንኑ ሳንቃ ነው ተሸክሞ ወደ ደጋ የሚወጣው። «እኛ አገር በጨው ዕቃ ይገዛበት ነበር» አልኩት። ሰውዬው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ማታ አሸዋው ላይ አደርን። ግመሉን ተዉት፤ ታፋዬን ለሦስት ቀን አሳምሞኛል። ሌሎቹ ከበሮ ሲመቱ እኔ ራቅ ብዬ ተኛሁ። አባባ፣ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ለገጣፎ እንኳ ሌሊት ውሻና ጅብ አለ። እዚያ የራሴን ደም በጆሮዬ ሰማሁት። ኮከቡ እስከ መሬቱ ጠርዝ ይወርዳል። ቀን የጋለው አሸዋ እኩለ ሌሊት ላይ ይበርዳል፤ ጋቢ አምሮኝ ነበር።

ያኔ ነው ያሰብኩት። እርስዎ ከሃያ ዓመት በላይ ያንን የአሰብ መንገድ ተመላልሰዋል። ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊ ዳአር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፤ ስሞቹን እንደ ፊደል አስቆጥረውኛል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው። ስለ መንገዱ የማውቀው ግን የጎማውን ነገር ብቻ ነው፤ የት እንደፈነዳ፣ ረዳትዎ እንዴት እንዳለቀሰ። ሌሊቱን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄዎት አላውቅም። ሲመጡ የምንጠይቀው ፓስታ አምጥተው እንደሆነ ነበር።

ከበረሃው ወደ ማራካሽ ሲሄዱ የሚያልፉበት ተራራ ደግሞ አለላቸው። ቲዚ ን ቲሽካ ይባላል፤ ፈረንሳዮች የቀደዱት መንገድ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ከፍታውን እያነሳ ይደነቃል፤ ጆሮዬ ተደፈነ የሚልም ነበር። ምልክቱን አነበብኩት፦ 2,260 ሜትር። ሳቄ መጣ። ይኼ ከእኔ ቤት ዝቅ ይላል! እርስዎ በጣርማ በር ተሳቢ ጎትተው ሲወጡ የኖሩ ሰው ቢኖሩበት ኖሮ ለአውቶቡሱ ሁሉ ንግግር ያደርጉ ነበር። መጠምዘዣው ግን ይከብዳል፤ ለሾፌሩ ፍትሕ ልስጠው። በሁለተኛ ማርሽ ነው ያወረደን።

ማራካሽ ቀይ ከተማ ናት፤ ቤቱም ግንቡም አፈር ቀለም ነው። አደባባይዋ ላይ እባብ የሚያስጨፍር፣ ጥርስ ነቃይ፣ ተረት ነጋሪ ሁሉ አለ። ብዙ አልወደድኳትም፤ ሁሉም ሰው ኪስ ያያል። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ማታ የመታቸው ርዕደ መሬት ከተራሮቹ መንደሮች ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ቀጥፏል። ድንኳን ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች በመንገድ አየሁ፤ ያንን ዝም ብዬ አለፍኩት።

ከዚያች ከተማ የወደድኩት ባለታክሲውን ነው። «ከየት ነሽ?» አለኝ፤ ነገርኩት። መሪውን ለቆ «ቢኪላ!» አለ። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አበበን ተከትሎ ሁለተኛ የወጣው የእነሱ ሰው ራዲ ነበር፤ በ25 ሴኮንድ ነው የተቀደመው። እኔም አንጀቴ እርስዎን ስለሆነ፣ አበበ ያመለጠው እኮ ከአክሱም ሐውልታችን አጠገብ ነው አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ ሄደና «አቴንስ፣ 5,000 ሜትር፣ ኤል ጉሩዥ» አለኝ። ቀነኒሳን በሴኮንድ ሁለት አሥረኛ የቀደመበትን ማለቱ ነው። ምን እመልሳለሁ? ሒሳቡን ግን ቀነሰልኝ።

እሑድ እመጣለሁ። ቢጫ ነጠላ ጫማ ገዝቼልዎታለሁ፤ ከፊት ዝግ፣ ከኋላ ክፍት ነው፤ የፍየል ቆዳ። ቤት ውስጥ ብቻ ያድርጉት፤ በአቃቂ ጭቃ ይዘውት እንዳይወጡ አደራ።

እርሳስና ወረቀትም ይዤ እመጣለሁ። ቴሌቪዥኑን አጥፍተን እንቀመጥ። ኤሊ ዳአር ስታድሩ መኪናው የት ይቆማል? እርስዎ ጋቢና ውስጥ ነበር የሚተኙት ወይስ ከሥሩ? እሳት ታነዱ ነበር? ድምፅ ካስቸገረዎት ይሣሉልኝ። ድንጋዩንም ሳይቀር።

ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ