ነዳጁ ቧንቧ አለው፣ አናናሱስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ደቡብ ሱዳን የሚጻፈው ሁሌም ወይ ጦርነት ነው ወይ ነዳጅ። እኔ ስለ ቲማቲምና ስለ አናናስ ልጽፍላችሁ ነው።

ጁባ ውስጥ አንድ ያገሬ ልጅ በከፈተው ምግብ ቤት ሠርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ኮኞ ኮኞ ገበያ ወርጄ አስቤዛ የምገዛው እኔ ነበርኩ። ሻጮቹን «ይሄ ከየት መጣ?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ ከኡጋንዳ። ቲማቲሙም፣ ሽንኩርቱም፣ እንቁላሉም፣ የበቆሎ ዱቄቱም። ከተማዋ ግን ነጭ አባይ ዳር ነው ያለችው። ወጣ ስትሉ ደግሞ ዓይን እስኪታክት ድረስ ጦሙን ያደረ መሬት ነው።

በመጀመሪያ ሰዉ ማረስ አይወድም ብዬ አስቤ ነበር። ተሳስቼ ነበር፤ ያስተካከለችኝ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ካለችው ከያምቢዮ የመጣች ጎረቤቴ ናት። እነሱ ጋ አናናስና ማንጎ ሞልቶ ይተርፋል። ክረምት ሲገባ ግን መኪናው ጭቃ ውስጥ ለቀናት ይቆማል፣ ፍሬው እላዩ ላይ ይበሰብሳል። መንገዱ ሲደርቅ ኬላው ይቀጥላል። በየኬላው ይከፈላል። ጁባ ሲደርስ ዋጋው ከኡጋንዳው በልጦ ያርፋል። ማን ይግዛው?

አገሪቱ የመጀመሪያውን ረጅም የአስፋልት መንገድ ያገኘችው በ2012 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከጁባ እስከ ኒሙሌ፣ 192 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ኡጋንዳ ድንበር። መንገዱ ብዙ ሰው ጠቅሟል፣ እኔም በልቼበታለሁ። ግን የጎረቤት አገር ቲማቲም በአስፋልት ሲገባ የራስ አገር አናናስ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ነዳጁ ግን መንገድ አላጣም። በአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ካለው የነዳጅ ማውጫ፣ ከፓሎች፣ ተነስቶ ሱዳንን አቋርጦ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ይጓዛል፣ ፖርት ሱዳን ላይ መርከብ ይጫናል። ከመንግሥት ገቢ 90 በመቶ ገደማው ከዚያ ነው። በ2012 በማስተላለፊያ ክፍያ ከካርቱም ጋር ተጣልተው ከአንድ ዓመት በላይ ምርቱን ዘጉት። በየካቲት 2024 ደግሞ ሱዳን ውስጥ በጦርነቱ ቀጠና ቧንቧው ተበላሸ፣ ዋናው መስመር ለአንድ ዓመት ያህል ቆመ። ያኔ እዚያው ነበርኩ። አስተማሪውም ፖሊሱም ለወራት ደሞዝ አላየም። ደንበኞቻችን በዱቤ ነበር የሚበሉት። የዱቤው ደብተር አለቀና ሌላ ገዛን። አንድ መምህር ለልጆቹ በፌስታል ሲያስቋጥር ዓይኔን ማየት ያፍር ነበር። እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም።

ባለሥልጣናቱ በየመድረኩ ከነዳጅ ወጥተን ወደ ግብርና እንሂድ ይላሉ። ልክ ናቸው። መሬቱም የተፈተነ ነው፤ ያምቢዮ አጠገብ ንዛራ ላይ በ1940ዎቹ ጥጥ ተተክሎ የጨርቅ ፋብሪካ ቆሞ ነበር። ነዳጅ ሸጦ መንገድ መሥራት የሚል ፕሮግራምም ጀምረዋል። ሐሳቡን እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት የደቡብ ሱዳን ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2021 እስከ 2024 ለዚህ ፕሮግራም 2.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶ አብዛኛው መንገድ እንዳልተሠራ ገልጿል። ይህን ሳነብ ያቺ የያምቢዮ ጎረቤቴ ትዝ አለችኝ። ትራክተር ማደል፣ ትልልቅ እርሻ ማስመረቅ፣ ያ ሁሉ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ያመረተው ሰው ገበያ ይድረስ። ኬላው ይነሳለት።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። በ2023 ኢትዮጵያ ከጋምቤላ ጋር ከሚዋሰነው ከፓጋክ ድንበር እስከ ፓሎች ለሚሠራ መንገድ 738 ሚሊዮን ዶላር ለማበደር ተስማምታለች፤ ክፍያው በድፍድፍ ነዳጅ ነው። ገንዘቡ የእኛም ስለሆነ ልጠይቃችሁ። ስለዚህ መንገድ ስትዘግቡ ስንት ኪሎ ሜትር አለቀ ብላችሁ አትቁሙ። መንገዱ የሚያልፍባት ማይውት ያለው ገበሬ ምን ጭኖ ይወጣበታል? ጋምቤላ ያለውስ ነጋዴ ምን ይገዛዋል? እግረ መንገዱን ስንት ኬላ ላይ ይከፍላል? ሄዳችሁ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጁባ ነዋሪ፣ ከአዲስ አበባ