ነጩ ድንጋይ ሮዝ እስኪሆን፦ የአኳሪየም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ በክበባችን ስብሰባ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። «መቼ ነው ቀለም የሚይዘው?» የሚባለው ድንጋዩ ነው። ጨዋማው ገንዳ ውስጥ የደረደርነው ደረቅ ድንጋይ ነጭ ነበር፣ ሙልጭ ያለ ነጭ። ልጆቹ ፎቶ ላይ ያዩት የኮራል ሪፍ ግን ሮዝና ወይን ጠጅ ነው። ያንን ቀለም የሚያለብሰው ኮራላይን የሚባል አልጌ ነው። ዓመቱን ያሳለፍነው እሱን በመጠበቅ ነው።

ኮራላይን ከቀይ አልጌዎች ወገን ይመደባል። እንደ ዘመዶቹ ለስላሳና የሚወዛወዝ ግን አይደለም። የሴሎቹ ግድግዳ ላይ ካልሲየም ካርቦኔት እያከማቸ በድንጋይ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ይህን ለማሳየት የሞተና የነጣ የኮራላይን ስባሪ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አደረግን። ወዲያው አረፋ ተነሳ፣ የኮምጣጤው አሲድ ቅርፊቱን ሲያሟሟ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከባቢ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ የባሕሩም አሲድነት ስለሚጨምር፣ ኮራላይን ቀድመው ከሚጎዱት መካከል ነው። የእሱ ካልሳይት (ቅርፊቱ የተሠራበት የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት) ማግኒዚየም የበዛበት ስለሆነ ቶሎ ይሟሟል። ከዚያ ቀን በኋላ «የገንዳው ፒኤች ስንት ገባ?» ብሎ የአሲድነት መለኪያውን የሚጠይቅ በዛ።

ደረቅ ድንጋይ የመረጥነው አውቀን ነው። ያልተጋበዘ ትልና ተናዳፊ ነገር ይዞ አይመጣም። ችግሩ ኮራላይንም ይዞ አይመጣም። ውሃው የቱንም ያህል ቢስተካከል፣ ዘር ካልገባበት ኮራላይን ከየትም አይበቅልም። ስለዚህ ከቆየ ገንዳ አንዲት ሮዝ የለበሰች ትንሽ ድንጋይና ዛጎላቸው ወይን ጠጅ ያረፈበት ቀንድ አውጣዎች አገኘን። ከድንጋዪቱ ላይ ጥቂት ፈግፍገን ብናኙን የፓምፑ ውሃ በሚገፋበት አቅጣጫ ለቀቅነው። ማጣሪያው ጠራርጎ እንዳይወስደው ለትንሽ ጊዜ አጠፋነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን ገንዳው ከተረጋጋ በኋላ ነው። ደረቅ ድንጋይ ፎስፌት አምቆ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ውሃ እየቀየርን ዘፈዘፍነው። ቀጥሎ ባክቴሪያው አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት እስኪለውጥ ሳምንታት ጠበቅን። ዓሣ የለም፣ ቀለም የለም፣ ያለው ጨው ውሃና ድንጋይ ነው። ሮዝ ሲጠበቅ ደግሞ ቡናማ መጣ። ዳያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፣ አዲስ ገንዳ ላይ የተለመደ። እሱ ሲለቅ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ ተተካ። ያኔ ነው አባላት ክበቡን መተው የጀመሩት፤ እውነቱን ለመናገር ገንዳው ያስጠላ ነበር። የቀሩት በጥርስ ብሩሽ ፈገፈጉ፣ ምግብ ቀነሱ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ ቀየሩ። ፎስፌት ሲበዛ አረንጓዴውን ይመግባል፣ የኮራላይንን ካልሲየም የማጠራቀም ሥራ ደግሞ ያስተጓጉላል።

በዚህ መሃል «ካልሲየም ገዝተን እንጨምር» የሚል ሐሳብ መጣ፣ ደጋፊም አገኘ። እኔ መጀመሪያ እንለካ አልኩ። ካልሲየሙ በሊትር 420 ሚሊግራም አካባቢ፣ ማግኒዚየሙ 1300 አካባቢ፣ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 9 ዲግሪ ነበር። ሁሉም ደህና ነው። የሚበላው ፍጡር በሌለበት ምን ይቀንሳል? በውሃ ቅየራው የሚገባው አዲስ ጨው በቂ ነበር። በጠርሙስ የሚሸጥ «ቀለም አምጪ» ሁሉ ተአምር የሚመስለው መለኪያ ለሌለው ሰው ነው። የኛ ትልቁ ንብረት የመለኪያ ደብተራችን ነው፤ ጨዋማነት በሺህ 35፣ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ ከሳምንት ሳምንት ብዙም ንቅንቅ የለም። ውሃ ሲተን ጨው ስለማይተን፣ የጎደለው በየዕለቱ የሚሞላው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። ይህን ሥራ ማንም አይወደውም፤ ያለሱ ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

የጦፈ ክርክር የተነሳው በመብራት ላይ ነው። ግማሹ «አልጌ ነው፣ ብርሃን ይጨመርለት» አለ። ግማሹ ይቀነስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሃማስ አጠገብ 268 ሜትር ጥልቀት ላይ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ኮራላይን መገኘቱን ስነግራቸው ቀናሾቹ አጨበጨቡ። እዚያ የሚደርሰው ብርሃን ከምንም አይቆጠርም። ሁሉም ዝርያ ጥላ ይወዳል ማለት አይደለም፤ ፀሐይ የሚችሉም አሉ። ገና ለሚጀምር ገንዳ ግን ኃይለኛ ብርሃን የሚጠቅመው አረንጓዴውን ነው። መብራቱን ቀነስን።

መጀመሪያ ያየችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። ፓምፑን ልታጸዳ እጇን ከታች ሰደደችና «ቲቸር፣ ይሄ ይፈገፈግ?» አለች። «ተይው! እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩ፣ ደነገጠች። የፓምፑ ጀርባ ላይ ምስር የምታክል ሮዝ ነጥብ አለች። በአጉሊ መነጽር አየናት። ጠፍጣፋ ናት፣ መሃሏ ደማቅ፣ ዳር ዳሯ ግን ሳሳ ብሎ ነጣ ያለ ቀለበት። የምታድገው በዚያ ጠርዝ ነው። በጥፍር ቢጫሯት አትለቅም። ያን ቀን ክበቡን የተዉት ሳይቀሩ ለማየት ተሰለፉ።

ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩ፣ የኋላው መስታወት፣ የማሞቂያው ሽፋን ላይ ሁሉ ነጠብጣብ ወጣ። ድንጋዩ ግን መጨረሻ ላይ ነው የተነካው። ይሄ ልብ ያወልቃል! መጀመሪያ የያዘው ከታች፣ ጥላ ያለበት ጎኑ ነው። አሁን ወደ ላይ እየወጣ ነው። የፊተኛውን መስታወት በፕላስቲክ ካርድ እንፈገፍጋለን፣ የሚረግፈው ብናኝ ሌላ ቦታ ዘር ይሆናል። የኋላውን ትተንለታል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አልካሊኒቲው በውሃ ቅየራዎች መካከል ዝቅ ማለት ጀመረ፣ በላተኛ መጣ ማለት ነው። ጸሐፊያችን ያንን ቁጥር በቀይ አክብባዋለች።

ለሚቀጥለው ዓመት የባሕር ጃርት ይግባ የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ጃርቱ አረንጓዴውን አልጌ ሙልጭ አድርጎ ይበላል፤ ግን ኮራላይኑንም በጥርሱ ፍቆ ነጭ መንገድ ጥሎ ይሄዳል። ድምፅ ተሰጥቶ ድንጋዩ ጢም ብሎ እስኪለብስ ድረስ ተላልፏል። በዕረፍቱ ወራት ውሃ የሚሞሉ ተረኞች ዝርዝር ቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል። ሁለት ቦታ ክፍት ነው።