ከዳር ሳትርቁ ከጀልባው ሞተር የምትወጣውን ውሃ እዩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፤ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጎማ ነው። መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ዙሪያዋን ክንፍ ክንፍ ያላት ጎማ ናት። ኢምፔለር ትባላለች። ሐይቃችን ላይ መሃል መንገድ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሞተሮችን ስፈታ ደጋግሜ የማገኘው ችግር ከእሷ የሚጀምር ነው። ሰው ግን ነዳጁን ይረግማል፣ "ቻይና ስለሆነ ነው" ይላል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ካርቡራቶር ያስጠርጋል፣ ይሄ ሁሉ አልሆን ሲለው ሞተሩን ሸጦ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ማፈላለግ ይጀምራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መኪና ራዲያተር አለው፤ የጀልባ ሞተር ራዲያተሩ ሐይቁ ራሱ ነው። ውሃ ውስጥ በሚገባው የሞተሩ እግር ላይ ወንፊት ያለው የውሃ መግቢያ አለ። ኢምፔለሯ ከላይ በሚወርደው ዘንግ ላይ ተሰክታ በብረት ኩባያ ውስጥ ትሽከረከራለች። ውሃውን ከታች ስባ በቱቦ ወደ ላይ ትገፋለች። ውሃው ሲሊንደሩን ዞሮ ሙቀቱን ይዞ ይወርድና አብዛኛው ከጭሱ ጋር ታች ይወጣል። ጥቂቱ ደግሞ ከሞተሩ ጎን ወይም ከኋላ፣ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ፣ እንደ ቀጭን ቧንቧ ወደ ውጭ ይረጫል። ያችን ውሃ አይታችኋት ይሆናል። እሷ ከቆመች ፓምፑ ውሃ እያደረሰ ላይሆን ይችላል ማለት ነው፤ ሞተሩም ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም። (በአየር የሚቀዘቅዙ ትናንሽ ሞተሮችም አሉ፤ እነሱ ይህ ፓምፕ ስለሌላቸው ጽሑፌ አይመለከታቸውም።)

አሁን ወደ እኛ ሐይቅ ልምጣ፣ ምክንያቱም የሞተሮቹ መመሪያ ላይ የተጻፈው ስለ ሐዋሳ አይደለም።

ከሐይቁ ዳር ካሉት የጀልባ መነሻዎች፣ ከፍቅር ሐይቅም ሆነ ከአሞራ ገደል፣ የሚነሳ ጎብኚ ብዙው ጉማሬ ማየት ይፈልጋል። ጉማሬ ደግሞ ቀን ቀን የሚተኛው ዳር ዳሩን፣ ቄጠማና ሣር ባለበት፣ ውሃው በሳሳበት ቦታ ነው። ሐይቁ ጥልቅ ቦታው 20 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የእኛ ጀልባዎች ግን የሥራ ሰዓታቸውን ትልቅ ክፍል የሚያሳልፉት ጭቃው ሊነካ ትንሽ በቀረው ውሃ ላይ ነው። ነጂው ነዳጅ ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር ከሥር ያለውን ደለል ያማስላል፣ ፓምፑም ያንን ይጠጣል። የስምጥ ሸለቆ ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ አሸዋው ሻካራ ነው። ጎማዋን ይልጋል፣ የምትሽከረከርበትንም ኩባያ ይቧጥጣል። በዚያ ላይ ፌስታል አለ፣ የተበጠሰ መረብ አለ፣ ሣር አለ፤ እነዚህ ሁሉ የውሃ መግቢያው ላይ ይለጠፋሉ።

የሚያሳስበኝ ዋናው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ያረጀች ኢምፔለር መጀመሪያ የምትደክመው ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ነው። በዝግታ ሲዞር ውሃውን የሚገፋው የክንፎቹ እና የኩባያው መጣበቅ ነው፤ ክንፉ ካለቀ ወይም ከደረቀ በመሃላቸው ክፍተት ይፈጠርና ውሃው ወደ ኋላ ያመልጣል። በፍጥነት ስትነዱ ግን ዙሩ ራሱ ውሃውን ስለሚወረውረው ነገሩ ደህና ይመስላል። እንግዲህ አስቡት፦ ሐይቁን ሲያቋርጥ ምንም ያልነበረው ሞተር የሚሞቀው ነዳጅ ቀንሳችሁ ጉማሬ አጠገብ ስትደርሱ ነው። ቤተሰብ፣ ልጆች፣ አንዳንዴ ተንሳፋፊ ጃኬት ያላደረገ ሰው የጫነ ጀልባ ጉማሬ ፊት ሞተሩ ይቆማል። ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉ ይመጣል። ስለ ንብረት ብቻ እየጻፍኩ እንዳይመስላችሁ።

ሌላም አለ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ከተቀየረ ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይወድቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሞተር "ትንሽ ሞቀ" ተብሎ የሚታለፍበት ሁኔታ እዚህ ቶሎ ወደ ከፋ ነገር ይሄዳል፤ በሲሊንደሩና በክዳኑ (በቴስታታው) መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ሙሉ ጥገና ነው። አንዲት ጎማ በጊዜ ባለመቀየሯ።

"ታዲያ መቼ ነው የሚቀየረው?" ትሉኝ ይሆናል። ብዙ አምራቾች በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው፣ እንዲፈተሽ ይላሉ። የእኛ ሰው ከዚህ ውስጥ የሚሰማው "በዓመት አንዴ" የሚለውን ብቻ ነው። በዓመት አንዴ የተባለው ቅዳሜና እሁድ ዓሣ ለማጥመድ ለሚወጣ ሰው ነው። በቀን 3 ሰዓት የሚሠራ ጀልባ 100 ሰዓት የሚሞላው በወር ከጥቂት ቀን ነው! የሥራ ጀልባ ያለው ሰው በየወሩ ይቀይር እያልኩ አይደለም። በየወሩ ይፈትሽ ግን እላለሁ፣ በዓመት ደግሞ ቢያንስ ሁለቴ ይቀይር፣ ብዙ የሚሠራ ከሆነ ከዚያም በላይ። ለዚህ የሰዓት መቁጠሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ደብተር ላይ የምልልሱን ጊዜ መጻፍ ይበቃል። የማይሠራ ሞተርም ቢሆን አያመልጥም። ክረምት ላይ ሥራ ቀዝቅዞ ሞተሩ ሳይነሳ ከከረመ፣ ኩባያው ውስጥ የታጠፉት ክንፎች እንደታጠፉ ይደርቃሉ፤ ሲነሳ አይዘረጉም።

ጎማዋን በሰከንዶች የሚገድላት ነገር ደግሞ አለ፤ ሞተሩን መሬት ላይ ያለ ውሃ ማስነሳት። ስንት ጊዜ አየሁ። ሰውየው ሞተር ሊገዛ ይመጣል፣ ሻጩ "ስማው እንጂ ድምፁን" ብሎ ሳር ላይ ገመዱን ይስባል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ገዢው ፈገግ ይላል። ኢምፔለሯ የምትለሰልሰው በውሃው ነው። ያለ ውሃ ስትዞር ኩባያውን እየፈተገች ትቃጠላለች። ሞተር ስትገዙ በርሜል ውሃ ጠይቁ። ውሃው ከመግቢያው በደንብ ከፍ ማለት አለበት። በርሜል የለም ካሏችሁ ሐይቁ እዚያው ነው።

ለነጂዎች ደግሞ። ያቺ ውሃ ስትዳከም መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉና ቀዳዳዋን በቀጭን የመረብ ክር ጥረጉ፤ አንዳንዴ የተደፈነችው ራሷ ቀዳዳዋ ብቻ ናት። ከዚያ እግሩን አንስታችሁ መግቢያውን እዩ፣ ፌስታል ካለ አንሱ። ሁለቱም ንጹህ ሆነው ውሃው አሁንም ካልተስተካከለ ፓምፑ ነው፤ ዳር ድረስ ልድረስ ብላችሁ አትንዱት፣ ቅዘፉ ወይም ተጎተቱ። የምትወጣው ውሃ ለብ ብትል ችግር የለም። እጅ የምታቃጥል ወይም እንፋሎት ያላት ከሆነ ግን ወዲያው አጥፉ። ሞተሩ በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት፣ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ራሳችሁ የምትቀይሩ ካላችሁ፣ ከባድ ሥራ እንዳይመስላችሁ። የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። የማርሹን ዘንግ ማያያዣ ፍቱ፣ ከዚያ እግሩን የያዙትን ብሎኖች። አንዳንድ ሞዴል ላይ አንዱ ብሎን ከፕሮፔለሩ በላይ ባለችው ትንሽ ክንፍ ሥር ተደብቋል፤ እሱን ሳይፈቱ በመዶሻ እየደበደቡ እግሩን የሰነጠቁ አሉ። እግሩ ሲወርድ ፓምፑ ከላዩ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ክዳን የሆነውን ኩባያ ፈታችሁ ጎማዋን አውጡና ክንፎቿን ቁጠሩ። የጎደለ ክንፍ ካለ የጎደለውን ሳታገኙ እንዳትገጥሙ! የተቆረጠው ጎማ ወደ ላይ ሄዶ የውሃውን መንገድ ወይም ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ይደፍናል፤ አዲስ ኢምፔለር ገጥመው "አሁንም ይሞቃል" እያሉ የሚመጡት አብዛኞቹ ይህን የዘለሉ ናቸው። ኩባያውንና ከሥር ያለውን ሳህን በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ እነሱም ይቀየራሉ፤ በተቧጠጠ ኩባያ ውስጥ አዲስ ጎማ ብታስገቡ በቶሎ ያልቃል። ጎማዋን ከዘንጉ ጋር የምትይዘው ትንሽ ብረት እንዳትጠፋባችሁ፣ እሷ ከሌለች ዘንጉ ይዞራል፣ ጎማዋ ትቆማለች።

አዲሷን ስታስገቡ ሳሙና ባለው ውሃ አርጥቧት። ዘንጉን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ መመሪያው ሌላ ካላለ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቆጣጠር፣ እያዞራችሁ ኩባያውን ጫን አድርጉ፤ ክንፎቹ በትክክለኛው በኩል የሚተኙት እንዲህ ነው። ጋርኒሲዮኑን አዲስ አድርጉ። ሲሊኮን መለቅለቅ ይቅር፣ ተርፎ የወጣው ደርቆ የውሃ መንገድ ይዘጋል። እግሩን መልሳችሁ ስትሰቅሉ የውሃው ቱቦ ቀዳዳው ውስጥ በትክክል መግባቱን እዩ። እዚህ ላይ ይስታሉ ብዙዎች። የዘንጉን ጥርሶች ግሪስ ቀቡ፣ ጫፉን ግን ተዉት። በመጨረሻ በርሜል ውስጥ አስነሱት። ውሃዋ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መውጣት አለባት።

እግሩ ወርዶ እያለ የማርሹን ዘይትም እዩት። ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከፕሮፔለሩ ጀርባ የተጠመጠመ የመረብ ክር ነው፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን የዘንጉን የጎማ ቀለበት ይቆርጠዋል።

የመለዋወጫው ነገር ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ኢምፔለር አለው። የ15 ፈረስ ጉልበቱ ለ40ው አይሆንም፣ የአንዱ ፋብሪካም ለሌላው ብዙ ጊዜ እንደዚያው። "ያው ነው፣ ይገባል" ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ፣ ሞተሩን ጀልባው ላይ የሚይዘው ማቀፊያ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ከመኪና ጎማ ቀርጸው የሚገጥሙም አሉ። ባላገኝ ምን ላድርግ ነው መልሳቸው፤ እኔ ግን ሰው በሚጭን ጀልባ ላይ ይህን ሲያደርጉ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ ጎማ ለዚህ አልተሠራም፣ አይለጠጥም፣ ሲሞቅ ይቆረሳል። እያንዳንዱ ባለ ጀልባ ሲበላሽበት ብቻውን 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ከሚፈልግ፣ የጀልባ ማኅበራቱ የአባሎቻቸውን ሞዴል ዘርዝረው በጋራ ቢያስመጡና ጥቂት ጥቂት በእጃቸው ቢያስቀምጡ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ተሳፋሪዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጀልባው ከዳር ሳይርቅ ወደ ኋላ ዞር በሉና ሞተሩን እዩ። ቀጭን ውሃ ሳይቆራረጥ ይረጫል? ካልረጨ "ወንድሜ፣ ውሃ አይወጣም" በሉት። ነጂው ባለሙያ ስለሆነ ያውቃል ብላችሁ አትፈሩ፤ እሱ ፊቱ ወደ ፊት ነው፣ ሰው ይቆጥራል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ ላያይ ይችላል። ቢቆጣችሁ ወደ ዳር አስመልሱትና ውረዱ። ተንሳፋፊ ጃኬቱንም አብራችሁ ጠይቁ።

ታኅሣሥ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ነው። ከተማው ከየአቅጣጫው በሚመጣ እንግዳ ይሞላል፣ ጀልባዎቹም ከጠዋት እስከ ማታ አያርፉም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ማውረድ ያለብን ኅዳር ላይ ነው፣ የበዓሉ ሳምንት ሲደርስ ማንም ጀልባውን ሊያቆም አይፈልግም። ማኅበራቱ አንድ እሁድ ጠዋት አሞራ ገደል ላይ ሁለት በርሜልና ጥላ ያለው ቦታ ቢያዘጋጁ፣ እኔ ቁልፌን ይዤ መጥቼ ለነጂዎቹ ፓምፕ አፈታቱንና አገጣጠሙን በነፃ አሳያለሁ። ጋዜጣው ይህን መልእክት አድርሱልኝ፤ የሚመለከተው ኃላፊም ካለ ጠይቁልኝ፣ ሞተሮቹ ፈቃድ ሲታደስላቸው ፓምፓቸው ይታያል ወይ?

አክባሪያችሁ፣
የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ከሐዋሳ