እንጨት ቆራጩ ፈላስፋ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ስልክ የተከፈተ ሰሞን ድምፅህን ለአፍታ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም አልክ። አልተቀየምኩህም። ያኔ ግን "ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍልስፍና ምን ያደርግልኛል?" ብለኸኝ ነበር። ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ዛሬ ስለ ፈላስፋው ኢማኑኤል ሌቪናስ ልጽፍልህ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዝልኝ።

ሌቪናስ በ1906 ሊትዌኒያ፣ ካውናስ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ፈረንሳይ ተምሮ ዜግነትም ወሰደ። በ1928 ጀርመን ሄዶ ከሁለቱ ታላላቅ ፈላስፎች፣ ከሁሰርልና ከሃይዴገር ተማረ። ሃይዴገርን እንዴት ያደንቀው ነበር መሰለህ! ያ ያደነቀው ሰው በ1933 ናዚ ፓርቲ ገባ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሌቪናስ ለፈረንሳይ ጦር በአስተርጓሚነት ዘመተ፤ በ1940 በጀርመኖች ተማረከና ጦርነቱ እስኪያበቃ ምርኮኛ ሆኖ ቆየ። ያተረፈው የለበሰው የወታደር ልብስ ነው፤ የጦር ምርኮኞችን የሚጠብቀው የጄኔቭ ስምምነት ከለላ ሆነው። አይሁድ ምርኮኞቹን ግን ለብቻ ለይተው፣ ሃኖቨር አካባቢ ጫካ ውስጥ እንጨት ያስቆርጧቸው ነበር።

የሚቀጥለውን ረጋ ብለህ አንብብልኝ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ አንዳንዴ ቀና ብለው ያዩዋቸው ነበር። ሌቪናስ ያ አስተያየት ሰውነታችንን ገፈፈን ይላል። በዚህ መሃል አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ መጣ። ቦቢ ብለው ጠሩት። ጠዋት ሲሰለፉ፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ ጅራቱን እየቆላ በደስታ እየጮኸ ይቀበላቸዋል። ለእሱ ሰው መሆናቸው አያጠራጥርም ነበር። ጥቂት ሳምንት እንደቆየ ጠባቂዎቹ አባረሩት። ሌቪናስ ይህን የጻፈው ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ውሻውንም በናዚ ጀርመን የመጨረሻው የካንት ተከታይ አለው፤ ካንት ሰው ሁሉ ክብር አለው ብሎ ያስተማረ ጀርመናዊ ፈላስፋ ነው።

ሚስቱና ልጁ ፈረንሳይ ተደብቀው ተረፉ። ወላጆቹና ሁለት ወንድሞቹ ግን ሊትዌኒያ ውስጥ ተገደሉ።

አንዳንዱ ሰው ጦርነቱ ነው ሌቪናስን የፈጠረው ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። ጦርነቱ ሳይነሳ፣ በ1934፣ የሂትለር አስተሳሰብ የሰውን ልጅ ሰውነት ራሱን አደጋ ላይ እንደሚጥል ጽፏል። ጦርነቱ ያደረገው፣ በጨዋ ክርክር የማይታለፍ ነገር እንዳለ በሥጋው ማሳየት ነው። ሃይዴገር "መሆን ማለት ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሌቪናስ ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ ይላል። የሌላው ሰው ፊት ከፊትህ ሲቆም "አትግደለኝ" ይልሃል፤ አንተም ሳትመርጥ ባለዕዳ ትሆናለህ። በ1961 የወጣውን ትልቁን መጽሐፉን ሲጀምር ጦርነት ሥነ ምግባርን እንደሚያግድ ይናገራል። ይህን እንጨት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ሲለው እኔ አምነዋለሁ።

ላንተ ብዬ የያዝኩት ግን የ1947ቱን መጽሐፍ ነው። አብዛኛውን የጻፈው በምርኮ እያለ ነው። መግቢያው ላይ ካምፑን ያነሳዋል፤ የሚያነሳውም በጦርነቱ ዓመታት ስለወጡ የፍልስፍና መጻሕፍት ለምን ምንም እንዳላለ ለማስረዳት ብቻ ነው። ይህ ጨዋነቱ ልቤን ነካው። ውስጡ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ስላለበት ሌሊት ይጽፋል። ምንም የለም፣ ግን ያ "ምንም" ዝም አይልም። አንተ አይደለህም ነቅተህ የምትጠብቀው፤ ሌሊቱ ራሱ ነው የሚነቃብህ። እንቅልፍ አጣሁ ብለህ የነገርከኝን ሳስብ፣ ይህን ምዕራፍ ካንተ ጋር ማንበብ ፈለግሁ።

መጽሐፉን ሰው ሳገኝ እልክልሃለሁ። ካልተስማማህ ተከራከረኝ፤ ድሮም አትምረኝም ነበር። መጻፍ ከከበደህ ማታ ማታ ደውል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም እንደዚሁ።

የሚናፍቅህ ወንድምህ