ካሴቱ ሲዘፍን ዝም በሉልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በፊልም ዓምዳችሁ ስለ «ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ» የወጣውን ትችት አነበብኩት። ጸሐፊው ጄምስ ገን በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ይህን ፊልም «የልጆች ጨዋታ» ብለው አልፈውታል። ጨዋታስ ጨዋታ ነው። መሣሪያ ታጥቆ የሚሳደብ ራኩንና ከሦስት ቃል በላይ የማይወጣው ዛፍ ያሉበትን ፊልም ማን ኮስተር ብሎ ያያል? ግን ስለ ካሴቱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። ካሴቱን ያወጡበት እንደሆነ የሚቀረው የጠፈር ግርግር ብቻ ነው።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ፒተር ኩዊል እናቱ በሞተችበት ሌሊት፣ በ1988 እ.ኤ.አ.፣ ከምድር ተጠልፎ የተወሰደ ልጅ ነው። እሷ የምትወዳቸውን የድሮ ዘፈኖች የቀዳችለትን ካሴት ካደገም በኋላ ከነዎክማኑ ይዞ ይዞራል። እስር ቤት ውስጥ ጠባቂው ዎክማኑን ቀምቶ ሲያዳምጥ፣ በኤሌክትሪክ እየተጠበሰም ዘፈኑ የኔ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ሲያመልጡም ጓደኞቹን አስጠብቆ እሱን ሊያመጣ ይመለሳል። አምባሰልና ባቲ እየሰማን ላደግን ወሎዬዎች ይህ ሰው እብድ አይመስለንም። ለነገሩ አሜሪካኖቹም ገብቷቸዋል፦ አንድም አዲስ ዘፈን የሌለበት የፊልሙ አልበም በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. የቢልቦርድን የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ይዟል።

ከኩዊል ጓደኞች አንዱን፣ ድራክስንም አለማንሳት ግፍ ነው። ቅኔ ቢዘርፉለት ሰሙን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰውዬ ነው። አይገባውም ለማለት «ነገር በአናቱ ላይ ያልፋል» ሲሉት፣ እኔ ፈጣን ነኝ፣ እይዘዋለሁ ይላል! እኔ እስካሁን ያስቀኛል።

ድክመቱን ግን አልሸፋፍንም። ሮናን የተባለው ክፉ ከመዛትና ከመጮህ ሌላ ሥራ የለውም፤ ጥላቻው ይነገረናል እንጂ አናየውም። ሌላዋ ጓደኛቸው ጋሞራ የለየላት ነፍሰ ገዳይ ተብላ ትገባና፣ ጭንቅ ሲመጣ ኩዊል ደርሶ የሚያድናት ትሆናለች። ሁሉም ስለሚሻሙበት ሐምራዊ ድንጋይ የሚሰጠው ገለጻ ደግሞ ለሌላ ፊልም ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ከሁሉ የከፋብኝ መጨረሻው ነው። ሮናን ሊያጠፋት የመጣባትን ከተማ ሊከላከሉ የተሰለፉት አብራሪዎች በጅምላ ያልቃሉ፣ ወዲያው ጭፈራና ቀልድ ይቀጥላል። ጓደኞቹን ሊያድን ራሱን ለሠዋው ዛፍ የታዘነውን ያህል ለእነሱ አልታዘነም።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ደሴ ብዙ ወጣት የውጭ ፊልም የሚያየው በትርጉም ነው። የተራኪዎቹን ጨዋታ እወደዋለሁ፤ አንዳንዴ ከዋናው ይበልጣል። ይህን ፊልም ሲሠሩ ግን ዘፈን በተጀመረ ቁጥር ድምፃቸውን ይጭኑበታል፣ ጎረምሶቹም ጥይቱን ብቻ አይተው ይነሣሉ። ቀጥሎ ስለ ትርጉም ፊልም የምትጽፉ ከሆነ ይህችን አድርሱልኝ፦ ካሴቱ ሲከፈት ማይኩን ዝጉት።

አንባቢዎ፣ ከደሴ