ፓርኪንጉ ውስጥ ስለተገኘው ቀለህ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ከረማችሁ። የሁለተኛ ክፍል የንባብ መጻሕፍት ደርሰዋል፣ የልጆቹ የጭፈራ ልምምድም ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን አብቅቶ ሰው ወደ መኪናው ሲሄድ ከፓርኪንጉ ጥግ አንድ ድምፅ ተሰምቶ ነበር። ርችት ነው ተባለ። እኔም አምኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ከአጥሩ ሥር ያገኘችውን ነገር እንደ ፊሽካ እየነፋች ገባች። የጥይት ቀለህ ነበር። አገር ቤት ልጅ ሆኜ እኔም በቀለህ አፏጭቻለሁና ኮሪደሩ ላይ ድምፁን ስሰማ ገና ሳላየው አወቅኩት።

ለፖሊስ ደወልኩ። ሕንፃውን ለሚያከራየን ትምህርት ቤትም ነገርኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ጋሼ፣ የራስዎን ሰው እንዴት ለፖሊስ አሳልፈው ይሰጣሉ?» ማንን ነው የሰጠሁት? ማን እንደተኮሰ አላውቅም። የተናገርኩት የተገኘውን ነገር ብቻ ነው።

«ለደስታ ወደ ሰማይ ነው የተኮሰው፣ ማንም አልተጎዳም» የምትሉ አላችሁ። ይገባኛል፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ ሲተኮስ እያየን ያደግን ብዙ ነን። የምንኖረው ግን ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ከተማ መንገድ ላይ ሆን ብሎ የተኮሰ ሰው፣ የተጎዳ ከሌለ፣ የሚጠብቀው እስከ 12 ወር እስር ነው። ያው ጥይት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከተተኮሰ ግን፣ ማንም ባይጎዳም፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፣ በዚያ ላይ እስከ 100,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ከግቢው ወጣ ብሎ መተኮስም አያድንም፤ ከግቢው ወሰን እስከ 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ድረስ፣ የሕዝብ ንብረት በሆነ ቦታ ላይ ከተተኮሰ ቅጣቱ ያው ነው።

«ቅዳሜ እኮ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው» ላላችሁኝ፣ ሕጉ የሚያወራው ስለ ሕንፃና ግቢ ነው፣ ቀን አይመርጥም። «ፈቃድ አለኝ» ለምትሉም፣ ፈቃዱ መሣሪያ ለመያዝ እንጂ እዚህ ለመተኮስ አይደለም። ሌሊት ኡበር የምትነዱ አባቶች ሽጉጥ ለምን እንደያዛችሁ አውቃለሁ፣ አልወቅሳችሁም። ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡ መኪናው ውስጥ እያለ ልጁን አድርሶ መመለስ ይችላል። ታጥቆት ግቢው ውስጥ ከመኪና ከወረደ ግን እሱ ራሱ ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ደግሞ ይህን እባካችሁ ሁለቴ አንብቡት፦ በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ከእስሩ ሌላ ከአገር ሊባረርም ይችላል።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሐምሌ 4 ቀን፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ቼስተርፊልድ ካውንቲ ውስጥ፣ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ርችት ለማየት ሲሄድ ከላይ የወረደ ጥይት ጭንቅላቱን መቶት ሞቷል። የእኛ የአንደኛ ክፍል ልጆች እኩያ ነው።

«ዝም ቢሉ ይረሳ ነበር» ያሉኝም አሉ። እንዴት ነው ዝም የምለው? ልጅቷ እኮ አፏ ውስጥ ከትታው ነበር። ቀለሁን ያገኘችው እሷ ባትሆንና የአከራዮቻችን ጥበቃ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጭፈራ ልምምድ ሳይሆን ስለምንማርበት ቦታ ፍለጋ ነበር።

ያደረገው ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ለእኔ ከመደወሉ በፊት ጠበቃ ያነጋግር። ከልቤ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ቀለህም ሆነ ጥይት መሬት ላይ ካዩ ሳይነኩ ትልቅ ሰው ይጥሩ። ቀለሁን ፖሊስ ወስዶታል። ልጅቷ ግን ባለፈው ቅዳሜ «ፊሽካዬን መቼ ነው የምትመልሱልኝ?» ብላ አስተማሪዋን ጠይቃታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር