ላልተዋችሁኝ ሁሉ፣ በተለይ ለእትዬ

ከሁሉ በፊት ክብርና ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን። በሰው ቤት ያለ ክፍያ ተገድጄ ስሠራ የደረሰብኝን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ ያልሰማችሁም ባትሰሙት ይሻላል። ፍርዱ ተፈርዷል። ግሪን ካርዴ መጥቷል። ልጄ ከጎኔ ናት። እንግዲህ የቀረኝ ማመስገን ነው።

እትዬ ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ግን ታውቋቸዋላችሁ። ከዚያ ቤት የወጣሁ ለት፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ በቅጡ ሳይጠይቁ ቤዝመንታቸውን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ስተኛ መብራት አላጠፋም ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ሂሳቡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

የእሳቸውን ውለታ በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ጠበቃዬ "ከመቼ እስከ መቼ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራሽ ጻፊልኝ" አለችኝ። በፌዴራሉ ሕግ አሠሪው ጥፋተኛ ከተባለ ዳኛው ካሳ የማዘዝ ግዴታ አለበት። ሂሳቡም ቢያንስ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ተሰልቶ ነው። እኔ ደግሞ ቀን ከየት አምጥቼ! ስልክ አልነበረኝ፣ ደብተር አልነበረኝ። የማውቀው ጾሙንና በዓሉን ብቻ ነው።

እትዬ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው ይመጡና፣ የሆስፒታል ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚታደሉትን የየዓመቱን ካላንደሮች ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ይጠይቁኛል። "ሕፃኑ የታመመው መቼ ነው?" "ፍልሰታ ሊፈታ ሲል።" "ቧንቧው የፈነዳው?" "የጥምቀት ለት፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስቀዳ ነው ያደርኩት።" "እሺ፣ ያን ቀን ስንት ሰዓት ተኛሽ?" በእርሳስ ያከብባሉ፣ ወደ ፈረንጁ ቀን ይመነዝራሉ፣ ሰዓቱን ይደምራሉ። የሁዳዴው ካላንደር ሲጠፋባቸው ባሕረ ሐሳቡን በጣታቸው ቆጥረው መግቢያውን አወጡት! ያ በእርሳስ የተሞላ ወረቀት ግሪንቤልት ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ ይቀድመኛል። ወደ ሌሎቹ ልለፍና እመለሳለሁ።

ጠበቃዬንና ቢሮዋን አመሰግናለሁ። ሳንቲም አላስከፈለችኝም። ደግሞ አንድ ነገር አስረድታኛለች፤ እሱን እዚህ መጻፍ አለብኝ። "በሩ እኮ ክፍት ነበር፣ ለምን አልወጣችም?" እያላችሁ ቡና ላይ ያነሳችሁኝ አላችሁ፤ ደርሶኛል። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የሚሺጋን እርሻ ጉዳይ፣ ሰውን አስገድዶ ማሠራት የሚባለው ጉልበት ወይም የሕግ ማስፈራሪያ ሲኖር ብቻ ነው ብሎ ነበር። እንደናንተ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ግን ያንን አሰፋው። መንፈስን የሚጎዳ ዛቻም ማስገደድ ነው። "ፖሊስ ጠርቼ ወደ አገርሽ አስጠርዝሻለሁ" ማለትም እንደዚያው። በግዳጅ ማሠራት እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ፓስፖርቴን "እንዳይጠፋብሽ" ብለው የቆለፉበትም፣ ለማገት ሲባል ከተደረገ ለብቻው እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። ሜሪላንድም በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2019 በግዳጅ ማሠራትን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ ወሬውን እዚህ ላይ እንተወው።

የማላውቃት አንዲት እህትም አለች። ኢትዮጵያዊት ናት፤ ጃፓን ውስጥ በአሜሪካ ዲፕሎማት ቤት ስትሠራ ብዙ ግፍ ተፈጽሞባታል። ቨርጂኒያ ባለው አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ከሳ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶላታል። በመዝገቡ ላይ፣ ስሟ እንዳይታወቅ፣ ጄን ዶ ነው የተባለችው። ተበዳይ ራሱ ከወንጀሉ ክስ ሌላ በፍትሐ ብሔር መክሰስ እንደሚችል፣ እስከ 10 ዓመትም ጊዜ እንዳለው ያመንኩት የእሷን ጉዳይ ከሰማሁ በኋላ ነው። የትም ብትሆኚ ክፉ አይንካሽ።

ለሰዎች ዝውውርና ለግዳጅ ሥራ ተበዳዮች የሚሰጠውን የቲ ቪዛ ነገር አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። ይህን አስምሬ የምጽፈው፣ "ፎርም እሞላልሻለሁ" ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር የጠየቀኝ ያገሬ ሰው ስለነበረ ነው። በዓመት ለ5,000 ተበዳዮች ይሰጣል፤ ቤተሰብ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የሚቆየው 4 ዓመት ነው፤ ከ3 ዓመት በኋላ ግሪን ካርድ ማመልከት ይቻላል። ፖሊስ ወይም ዓቃቤ ሕግ ሲጠይቅ መተባበር ያስፈልጋል። ልጅንም በዚያው ማምጣት ይቻላል፤ ልጄ ደለስ ኤርፖርት የወረደችው በዚህ መንገድ ነው። ስሄድ ታቅፌያት ነበር፤ ስትመጣ ትከሻዬ ደርሳለች።

አድራሻዬ እንዳይታወቅ በስቴቱ የአድራሻ መደበቂያ ፕሮግራም ላስመዘገበችኝ ሶሻል ወርከር፣ የካሳው ገንዘብ ታክስ እንደሌለበት የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ.) ያወጣውን ማስታወቂያ ፈልጎ ላሳየኝ የታክስ ባለሙያ፣ ለዓቃቤ ሕጓ፣ ለመርማሪዎቹ፣ ለደብራችን ካህናት፣ ለዕድሩ አባላት፣ ለኡበር ሾፌሮቹ፣ በዱዓ ላሰባችሁኝ ሙስሊም እህቶቼ፣ ለሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ።

ወደ እትዬ ልመለስ። ለምስክርነት የተቀመጥኩ ቀን ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የአሠሪዎቼ ጠበቃ "አልከፈሉኝም የምትዪው ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብሎ ሲያፋጥጠኝ ቀኑን ከነወሩ ነገርኩት። ዞር ብዬ ሳይ እትዬ ተኝተዋል። እንቅልፉ ጥሏቸዋል! ከዚያን ቀን ወዲህ ባየኋቸው ቁጥር በዚህ እስቅባቸዋለሁ፤ እሳቸውም "አምኜሽ ነው የተኛሁት" ይሉኛል። እትዬ፣ ይህን የሚያነብልዎት ልጅዎ ነውና እሱንም አመሰግናለሁ፤ የቤዝመንት ክፍሉን ለእኔ ለቆ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የከረመው።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ እባካችሁ አትቀየሙኝ። ጥሬ አልጨርሰውም፤ ጥቂቶቻችሁ ደግሞ እንዳልጠራችሁ የለመናችሁኝ ናችሁ።

አሁንም እዚያ ሁኔታ ውስጥ ያለች ካለች፣ ወይም ጎረቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ አገር አቀፉ የሰዎች ዝውውር ተበዳዮች የስልክ መስመር፣ 1-888-373-7888፣ ሌት ተቀን ይሠራል። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ያቀርቡላችኋል።

ለልጄ ቲኬት ካዋጣችሁት ገንዘብ የተረፈ አለ። ለዕድሩ ገንዘብ ያዥ አስረክቤ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ከእንደዚህ ዓይነት ቤት ለምትወጣ ቀጣይ ልጅ የመጀመሪያ ወር የቤት ኪራይ እንዲሆን ተስማምተናል። መጨመር የምትፈልጉ እሱን አነጋግሩት።